ኤልአርዩ ከሁሉም ይበልጣል ያላችሁ ማነው?

ጅማ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ፈተና ሲቃረብ ከኪቶ ፉርዲሳ እየመጡ አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ፔጅ ሪፕሌስመንት ነው። ራም ሲሞላ የትኛው ፔጅ (እኩል መጠን ያለው የሜሞሪ ቁራጭ) ይውጣ የሚለው ጉዳይ ማለት ነው። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ሸምድደውት የሚመጡት መልስ ግን ሰልችቶኛል።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ፔጅ ፎልት ብልሽት አይደለም። ፕሮግራሙ የፈለገው ፔጅ ራም ላይ ሳይገኝ ሲቀር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አምጥቶለት ሥራው ይቀጥላል። የሚወጣ ፔጅ ሁሉ ዲስክ ላይ ይጻፋል የሚባለውም ልክ አይደለም። ከፋይል የመጣና ያልተቀየረ ፔጅ ቅጂው ዲስኩ ላይ ስላለ ዝም ብሎ ይጣላል። ፍሬም፣ ማለትም ራም ላይ አንድ ፔጅ የሚይዝ ቦታ፣ ከተጨመረ ፎልት የግድ ይቀንሳል? ቀድሞ የገባውን ቀድሞ በሚያስወጣው በፊፎ የግድ አይቀንስም። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 1፣ 2፣ 5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 የሚለውን የፔጅ ጥሪ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ሥሩት። በ3 ፍሬም 9 ፎልት፣ በ4 ፍሬም 10 ይመጣል። ተመራማሪው ቤላዲና ባልደረቦቹ ይህን ያሳዩት በ1969 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ኤልአርዩ ምርጡ ነው፤ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጠቀመው እሱን ነው» ይሉኛል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ኤልአርዩ ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን ፔጅ ያስወጣል። ሰሞኑን ያልተፈለገ ቶሎ አይፈለግም ብሎ ይገምታል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ፕሮግራሙ ዙሪያውን ሲሽከረከርስ? 3 ፍሬም ይኑረን። 1፣ 2፣ 3፣ 4ን ሦስት ዙር እንጥራ። 4 ሲመጣ 1 ይወጣል። ቀጥሎ የሚፈለገው ደግሞ ራሱ 1 ነው! 1 ሲገባ 2 ይወጣል፤ ወዲያው 2 ይፈለጋል። 12 ጥሪ፣ 12 ፎልት። በተቃራኒው፣ አሁን ገና የተነካውን አስወጡና ሞክሩት። 6 ፎልት ብቻ። ለዚህ ቅደም ተከተል ከ6 በታች በማንም አይወረድም። አንድን ትልቅ ዳታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሞ የሚያነብ ፕሮግራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሁልጊዜ ምርጥ የሆነው ቤላዲ በ1966 እ.ኤ.አ. ያጠናው፣ ወደፊት ከሁሉም ዘግይቶ የሚፈለገውን ፔጅ የሚያስወጣው ኦፕቲማል ነው። እሱ ግን ወደፊት የሚጠራውን ማወቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለመለኪያ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ሁሉም ይጠቀምበታል የሚለውስ? ትክክለኛ ኤልአርዩ ሜሞሪ በተነካ ቁጥር ተራውን ማስተካከል አለበት። ማን ይችለዋል! ሃርድዌሩ በአብዛኛው የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፔጅ አንድ የ«ተነክቷል» ቢት ነው። ክሎክ የሚባለው ዘዴ በዚያች ቢት ይሠራል፤ ፔጆቹን በክብ እየዞረ 1 ካገኘ ወደ 0 ቀይሮ ያልፋል፣ 0 ካገኘ ያስወጣል። ሊኑክስም የሚጠቀመው ግምታዊውን ነው።

ለነገሩ ኤልአርዩን አትናቁት። ፍሬም ሲጨመርለት ፎልቱ በፍጹም አይበዛም። ፊፎ ይህ የለውም።

ባለፈው አንድ ቡና ነጋዴ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። 4 ጊጋባይት ራም፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ። የሆነ ሰው «የዊንዶውስ አልጎሪዝም ደካማ ነው፣ ሊኑክስ አስጭን» ብሎታል። ብሮውዘሩን ስከፍት ታቡ ተደርድሮ ማለቂያ የለውም። ኤክሴሉም አለ። የዲስኩ መብራት እረፍት የለውም። ይህ ትራሺንግ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፔጅ በማስገባትና በማስወጣት ብቻ ይጠመዳል። ተመራማሪው ዴኒንግ በ1968 እ.ኤ.አ. ወርኪንግ ሴት ያለው፣ ፕሮግራሞቹ ባንድ ጊዜ የሚፈልጉት የፔጅ መጠን፣ ከራሙ ከበለጠ የትኛውም አልጎሪዝም አያድንም። ታቡን ዘጋን፣ ራም ጨመርን፣ አለቀ።

እናንተም ፈተና ላይ «የቱ ይሻላል?» ስትባሉ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን እዩ። ሰንጠረዡን ሥሩ። ያችን የ1፣ 2፣ 3፣ 4 ዙርም በክሎክ ሞክሯት፤ 12 ካልመጣላችሁ ቢቷን ወደ 0 መመለስ ረስታችሁ እንዳይሆን አረጋግጡ።