ራሱን የሚያስተካክል የትራክተር ባኬት ምንድን ነው? ያዋጣልስ?

ከትራክተር ፊት የሚገጠም ሎደር ሁለት እጅ አለው፤ እጆቹ ጫፍ ላይ አፈርና ፍግ የሚዝቀው ባኬት። ችግሩ የሚመጣው ሲነሳ ነው። ራሱን በማያስተካክለው ተራ ሎደር ባኬቱ ከእጁ ጋር እንደታሰረ ይወጣል። እጁ 50 ዲግሪ ከተነሳ ባኬቱም 50 ዲግሪ ወደ ኋላ ይጋደላል። ስለዚህ ሹፌሩ እያነሳ፣ ባኬቱንም ቀስ እያለ ወደ ፊት መልቀቅ አለበት።

ራሱን የሚያስተካክለው ይህን ያለ ሹፌሩ እጅ ይሠራል። አንደኛው ዓይነት ከሎደሩ እጅ ጎን ለጎን የሚሄድ ተጨማሪ ዘንግ አለው። የዘንጉ አንዱ ጫፍ ትራክተሩ ላይ ከተተከለው ቋሚ ብረት፣ ሌላው ወደ ባኬቱ ይታሰራል። እጁ ሲወጣ ዘንጉ ይዞ ስለሚያስቀረው ባኬቱ እንደተስተካከለ ይወጣል። በሃይድሮሊክ ዘይት የሚሠራም አለ። አንዳንዱ ግን ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አያስተካክልም፤ ሲገዙ መጠየቅ ነው።

ያዋጣል ወይ? የሚነሳውን ነገር ማየት ነው። ከበረት ፍግ ዝቆ ተሳቢ ላይ ለመድፋት፣ ለአፈርና ለአሸዋ ከሆነ እኔ ብር አልጨምርበትም። ባኬቱ ትንሽ ወደ ኋላ ቢጋደል እንዲያውም ጭነቱን ይይዛል። የቀረውን የለመደ ሹፌር ሳያስበው ያስተካክለዋል።

ጅሩ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጅሩ ሰንጋ የሚደልበው በገለባ ነው፤ ገለባ ደግሞ ታስሮ ይከመራል። ባኬቱ ወልቆ ሹካ ሲገጠም ከኋላ ጭነቱን የሚይዘው አጭር ፍርግርግ ብቻ ነው። በተራው ሎደር እስር ገለባ ከፍ አድርጎ ለአፍታ የተዘናጋ ሹፌር፣ እስሩ በሎደሩ እጅ ተንከባሎ፣ ኮፈኑን አልፎ እላዩ ላይ ይመጣበታል። በማሽን የሚጠቀለለው ትልቁ ክብ እስር መቶዎች ኪሎ ይመዝናል። በዚህ መንገድ ሰው ሞቷል። በተለይ ጣራ የሌለው ትራክተር ላይ፣ ለዚህ ሥራ ዋጋውን አልከራከርም።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የሚያስተካክለው ከትራክተሩ አንጻር እንጂ ከአድማስ አንጻር አይደለም። ጣርማበር ወይም አንኮበር በኩል ትራክተሩ ዳገት ላይ አፍንጫውን ሲያቀና ባኬቱም አብሮ ወደ ኋላ ይጋደላል። ዳገት ላይ ጭነት ዝቅ አድርጎ ነው የሚኬደው፤ ሎደሩ የትኛውም ይሁን።

ወጪው ሲገዛ ብቻ አያበቃም። ተጨማሪ ዘንግ ማለት ተጨማሪ የመገጣጠሚያ ፒን፣ ፒኑ የሚሽከረከርበት ተጨማሪ ቡሽ፣ ተጨማሪ ግራሶ ነው። የዘንጉ ክብደትም ሎደሩ ከሚያነሳው ላይ ይቀነሳል። በክረምት ዋልካ ጭቃ ውስጥ ውሎ ግራሶ ያላየ ፒን ቶሎ ይበላል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ባኬቱን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ዘንጉን በእጁ ይወዝውዘው። ፒኑ ጋ ከተንቀጫቀጨ ዋጋ ያስቀንስ። ዘንጉ ራሱ ከተጣመመ ይተወው። ተራውን ገዝቶ ጋራዥ ዘንግ ማስበየድም አያዋጣም፤ የማሰሪያዎቹ ርቀት በልኩ ካልሆነ ባኬቱ እየወጣ ይዛነፋል።