አድሚን ሆኜ ዊንዶውስ ለምን ፈቃድ ይጠይቀኛል?

አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ አድሚን (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) ስለሆናችሁ የከፈታችሁት ፕሮግራም ሁሉ ሙሉ ሥልጣን አገኘ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በአድሚን አካውንት የምትከፍቱት ፕሮግራምም ቢሆን በተራ ተጠቃሚ አቅም ነው የሚነሳው። ሲስተሙን ልንካ ሲል ስክሪኑ ደብዘዝ ይልና «አዎ» ወይም «አይ» እንድትሉ ትጠየቃላችሁ።

ልጃችሁ ጌም አውርዶ ሊጭን ነው እንበል። የገባው በአድሚን አካውንት ከሆነ «አዎ» ማለት ይበቃዋል፤ በስታንዳርድ (በተራ ተጠቃሚ) አካውንት ከሆነ ግን የአድሚኑን ፓስዋርድ ወይም ፒን ይጠየቃል። ለቤት ኮምፒውተር የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ አንድ አድሚን ለእናንተ፣ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ደግሞ ስታንዳርድ።

ጥያቄውን ጨርሶ ማጥፋትስ? በሴቲንግ ውስጥ ይቻላል፣ ግን እባካችሁ ተዉት። ያኔ በአድሚን አካውንት ቫይረስም ሳይጠይቅ ይገባል፣ በስታንዳርዱ ደግሞ ፈቃድ የሚፈልገው ነገር ሁሉ ዝም ብሎ ይከለከላል። ይልቅ የምትፈልጉትን ፕሮግራም፣ ፕሪንተሩንም ጭምር፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ላይ ጭናችሁ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ዶክመንት ለመጻፍ፣ ቪዲዮ ለማየት ወይም ኢንተርኔት ለመጠቀም አይጠይቃችሁም።

እንደየፕሮግራሙ የሚለያይ ነገርም አለ፤ አንዳንዱ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ስለሚጫን ምንም ሳይጠይቅ ያልፋል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ወሳኙ የአይቲ ክፍሉ ነው።