ቁልቁል የተሰቀለው ሰውዬ

ዕጣ ፈንታ ከሚነበብባቸው ከ78ቱ የታሮት ካርዶች ግራ በማጋባት 12ኛውን የሚያህለው ጥቂት ነው። አንድ ሰው በአንድ እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ስሙም «የተሰቀለው ሰው» ነው። ይህ ካርድ ሲወጣለት የሚደነግጥ አይጠፋም። ፊቱን ልብ ብሎ ላየው ግን ሰውየው ምንም የመሰለው አይመስልም።

ታሮት ሲጀመር የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተፈጠረ የካርታ ጨዋታ ነው። ዕጣ ፈንታ ማንበቢያ ሆኖ የገነነው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ነው።

ለ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያኖች ሥዕሉ እንቆቅልሽ አልነበረም። ከሃዲ ማለት ነው፣ አለቀ። አገሩን የከዳ ወይም ዕዳውን ክዶ የጠፋ ሰው፣ ቁልቁል ተሰቅሎ በአደባባይ ግድግዳ ላይ ይሳል ነበር። ሰውየው ቢያመልጥ እንኳ ስሙ አያመልጥም። በ1440 እ.ኤ.አ. አንድሬያ ዴል ካስታኞ ፍሎረንስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ከሃዲዎችን ስሎ «የስቅሎቹ አንድሬያ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1412፣ በጊዜው ከነበሩት ተቀናቃኝ የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አንዱ የሆነው ዮሐንስ 23ኛ፣ ከድቶኛል ያለውን የጦር አለቃ ሙዚዮ አተንዶሎ ስፎርዛን ሮም ውስጥ እንዲሁ አስሎታል። የሚገርመው፣ የሙዚዮ ልጅ ፍራንቸስኮ በ1450 የሚላኖ መስፍን ሆነ። ለዚያ ቤት ተሠራ በሚባለው ካርታ ውስጥም ይኸው ስቅል አለ። ካርዱ እጁ ሲገባ አባቱ ትዝ ይሉት ይሆን?

በሌላ የጥንት ካርታ ላይ ደግሞ ሰውየው በሁለቱም እጁ የገንዘብ ከረጢት ጨብጧል። ይሁዳና 30 ብሩ ወዲያው ትዝ ይላሉ።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሥዕል በ1909 ለንደን ውስጥ የወጣው ነው። ሐሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ተገለበጠ። በቆየው የፈረንሳዮች የማርሴይ ታሮት ሰውየው የተሰቀለባቸው ግንዶች ቅርንጫፎች የተቆረጡ ናቸው። ስሚዝ ግን ቅጠል ያለው፣ ሕይወት ያለው እንጨት ሳለች። በሰውየው ራስ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል የብርሃን አክሊል አደረገችበት። እጆቹ ወደ ኋላ ናቸው፣ የታጠፈው እግሩ ከሌላው ጋር መስቀል ይሠራል። የቀጣው ሰው ቢኖርም አይታይም። በዚህ ምክንያት ካርድ አንባቢዎች መከራ አይሉትም። ቆም በል፣ አትቸኩል፣ ነገሩን ከሌላ ጎን እየው፣ የያዝከውን ልቀቅ ይላሉ።

ካርዱ ተገልብጦ ሲወጣ ዌይት የሰጠው ትርጉም ራስ ወዳድነት ነው። አስቂኙ ነገር፣ ያኔ ሰውየው ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኩር ደ ዠብላንማ በ1781 ትክክለኛው አቋሙ ይኸው ነው ብሎ ጽፏል። እንደ እሱ አባባል ሰውየው የአስተዋይነት ምልክት ነው። በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን የት እንደሚያሳርፍ እያሰበ ነው፣ የገለበጡት ካርታ ሠሪዎች ናቸው። የፍሎረንስን ግድግዳዎች ወሬ አልሰማም መሰለኝ።