የአስተማማኝ ርቀት መጓደል ምንድን ነው? የመንገደኞችና የጦር አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ

የአስተማማኝ ርቀት መጓደል ማለት በአየር ላይ ያሉ ሁለት አውሮፕላኖች ሊጠብቁት የሚገባቸው ዝቅተኛው የከፍታ ልዩነትም ሆነ የአግድም ርቀት በአንድ ጊዜ ሲጣስ የሚመዘገብ ክስተት ነው። ሁለቱ መለኪያዎች አብረው መጣሳቸው ወሳኝ ነው። አንዱ አውሮፕላን በሌላው አናት ላይ ቢያልፍ እንኳ የከፍታው ልዩነት እስከተጠበቀ ድረስ የጎደለ ነገር የለም፤ በአንድ ከፍታ ላይ ቢበሩም በአግድም በበቂ ሁኔታ እስከተራራቁ ድረስ እንዲሁ ነው።

ጥርት ባለ የበጋ ጧት ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር ሰማዩን የሚመለከት ሰው ሁለት ነጫጭ መስመሮች ሲቆራረጡ አይቶ «ለጥቂት ተረፉ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በ35 ሺህ ጫማ የሚበር አውሮፕላን ከባሕር ጠለል በላይ 10 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ራሷ በ2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ አውሮፕላኑ ከተመልካቹ አናት ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ከዚያ ርቀት ላይ የ300 ሜትር የከፍታ ልዩነት በዓይን አይለይም። ከ29 ሺህ እስከ 41 ሺህ ጫማ ባለው ከፍታ ላይ ሕጉ የሚጠይቀው ልዩነት ደግሞ ይኸው 300 ሜትር፣ ማለትም 1 ሺህ ጫማ ነው። ቀድሞ 2 ሺህ ጫማ ነበር፤ የከፍታ መለኪያዎች ትክክለኛነት ሲሻሻል በግማሽ እንዲቀንስ ተደረገ፤ በአፍሪካም ከመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። በአንጻሩ ለዚህ ብቁ የሆነ መሣሪያ የሌለው አውሮፕላን፣ በዚህ ከፍታ እንዲያልፍ ሲፈቀድለት አሁንም 2 ሺህ ጫማ ክፍተት ያስፈልገዋል። ብዙ የጦር አውሮፕላኖች ከዚህ ወገን ናቸው።

የአግድሙ ርቀት እንደ መቆጣጠሪያው ዘዴ ይለያያል። ራዳር በሚሸፍነው የረጅም ጉዞ መስመር ላይ የተለመደው 5 የባሕር ማይል ወይም 9.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ እስከ 3 የባሕር ማይል ይወርዳል። ይህ ለምድር ሰው ሰፊ ሜዳ ይመስላል። ሆኖም በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ከተያዩ በየደቂቃው 30 ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያህል ክፍተት በ80 ሰከንድ ይጨርሱታል፤ ያ 9.3 ኪሎ ሜትር ደግሞ 19 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የዓይን እርዳታም እምብዛም ነው፤ በግጭት መስመር ላይ የሚመጣ አውሮፕላን በመስኮቱ ላይ አንድ ቦታ ተተክሎ እንደቆመ ነጥብ ስለሚታይ፣ አብራሪው የሚያስተውለው ድንገት ሲገዝፍ ነው። ስለዚህ የርቀት መጓደል ገና ግጭት ባይሆንም፣ ለስሕተት ማረሚያ ተብሎ የተቀመጠው ጊዜ ተበልቷል ማለት ነው።

ሁለት የመንገደኞች አውሮፕላኖች ሲሆኑ ሁለቱም በአንድ ሕግና በአብዛኛው በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር ናቸው። የጦር አውሮፕላን ሲገባበት ይህ ይለወጣል። በ1944 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ3ኛው አንቀጹ ስምምነቱ የሚመለከተው ሲቪል አውሮፕላኖችን ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ የጦር፣ የጉምሩክና የፖሊስ አውሮፕላኖች የመንግሥት አውሮፕላኖች ተብለው ከስምምነቱ ውጭ ሆነዋል። መንግሥታት ለእነዚህ ደንብ ሲያወጡ የሲቪል በረራን ደኅንነት ተገቢ ግምት እንዲሰጡት ስምምነቱ ያስገድዳል፤ ግን ተገቢው ግምት በኪሎ ሜትር አልተለካም። በእኔ እይታ የችግሩ ሥር ከአብራሪ ድፍረት ይልቅ እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ሰማይ፣ ሁለት አዛዥ።

ይህ በደም የተመዘገበ ነው። በሚያዝያ 1958 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ላስ ቬጋስ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላንና ተዋጊ ጄት ተጋጭተው 49 ሰዎች አልቀዋል። የመንገደኞቹ አውሮፕላን በሲቪል፣ ጄቱ በወታደራዊ ቁጥጥር ሥር ነበሩ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት ሰማዩን በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሥር የሚያደርግ አዋጅ አወጣ። በሐምሌ 1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጃፓን ሺዙኩኢሺ ሰማይ ላይ፣ በጥንድ ልምምድ ላይ የነበረ ተዋጊ ጄት ከቦይንግ 727 ጋር ተጋጭቶ በቦይንጉ ውስጥ የነበሩት 162 ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ የጄቱ ሠልጣኝ አብራሪ በፓራሹት ተረፈ።

ዛሬ ቲካስ የተባለ የግጭት መከላከያ መሣሪያ በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ አለ። ይህ መሣሪያ በአካባቢው ያሉትን አውሮፕላኖች ትራንስፖንደር፣ ማለትም ሲጠየቅ የአውሮፕላኑን መለያና ከፍታ በሬዲዮ የሚመልሰውን መሣሪያ፣ እየጠየቀ፣ ቅርብ የሆነውን ለይቶ አብራሪውን «ውጣ» ወይም «ውረድ» ይለዋል፤ ትእዛዙም ከተቆጣጣሪው ቃል ይቀድማል። ነገር ግን ቲካስ የሚሰማው የሚመልስለትን ብቻ ነው። ለምስጢር ሲባል ትራንስፖንደሩን ያጠፋ የጦር አውሮፕላን ለቲካስ የለም፤ በትራንስፖንደር ምላሽ ላይ ለሚመሠረተው የሲቪል ራዳርም እንዲሁ አይታይም። በዚህ ምክንያት ቲካስ አለ ተብሎ የቅድሚያ ቅንጅትን ማላላት ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። የሚሠራው መፍትሔ አሰልቺና የወረቀት ሥራ የበዛበት ነው፦ የልምምድ ክልልን በካርታ መከለል፣ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት ለአብራሪዎች አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በሲቪሉና በወታደራዊው ተቆጣጣሪ መካከል ቀጥታ የስልክ መስመር መዘርጋት።

መልክዓ ምድርም የራሱ ድርሻ አለው። ራዳርም ሆነ የበረራ ሬዲዮ በመሠረቱ ያለ ከልካይ የሚተያዩ ነጥቦችን ይፈልጋሉ። እንደ ጣርማበር ያለ ከፍታ በድንገት ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ በሚወርድበት አገር፣ ከገደሉ ሥር ዝቅ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር ከደጋው ማዶ ላለ አንቴና ሊሰወር ይችላል። ከፍ ብለው የሚያልፉትን ጄቶች ይህ አያሰጋም፤ የሚያሳስበው ለማረፍ በሚወርዱበትና ተነሥተው በሚወጡበት ከፍታ ላይ ነው።

በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የደረሰው አደጋም የሆነው በዚሁ በማረፊያ ከፍታ ነው። ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኞች ጄትና በልምምድ ላይ የነበረ የጦር ሠራዊት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰዎች ሞቱ። ሄሊኮፕተሩ በዚያ መስመር ከተፈቀደው 200 ጫማ በላይ ይበር ነበር፤ የቲካስ የማምለጫ ትእዛዝ ደግሞ መሬት ሲቀርብ እንዳይሰጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። መርማሪዎች መዛግብቱን ሲያገላብጡ፣ ከጥቅምት 2021 እስከ ታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዚያው ማረፊያ አካባቢ የመንገደኞች አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች በአግድም ከ1 የባሕር ማይል፣ በከፍታ ከ400 ጫማ ባነሰ ርቀት የተቀራረቡበት 15 ሺህ 214 ክስተት አገኙ፤ ከእነዚህ 85ቱ ላይ የአግድሙ ርቀት ከ1 ሺህ 500 ጫማ፣ የከፍታው ልዩነት ከ200 ጫማ በታች ነበር። መረጃው ከአደጋው በፊት በመዝገብ ተቀምጦ ነበር፤ የሄሊኮፕተሩ መስመር የተዘጋው ግን ከአደጋው በኋላ ነው።