የኪሳራ ሂደት ወጪ በአገሮች መካከል፦ ከባሕር ዳር ሲታይ

የኪሳራ ሂደት ወጪ የሚባለው ዕዳ መክፈል ያቃተው ድርጅት ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ እስኪዘጋ ከንብረቱ ላይ የሚነሳው ገንዘብ ነው። የዳኝነት ክፍያ፣ የጠበቃና የንብረት አጣሪ አበል፣ የገማችና የሐራጅ ወጪ ይገቡበታል። ለብዙ ዓመታት አገሮች ጎን ለጎን የተለኩት በዓለም ባንክ የ«ዱዪንግ ቢዝነስ» ሪፖርት ነበር። የመጨረሻው እትም በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ወጣ፤ ባንኩ በመረጃው ላይ ግድፈት ከተገኘ በኋላ መስከረም 2014 ሥራውን አቋረጠ።

መለኪያው በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ሆቴል ያስብ ነበር፤ ይህ ኑሮው ከጎብኚ ለተሳሰረው ባሕር ዳር ቅርብ ነው። ሆቴሉ 201 ሠራተኞች አሉት፤ ሕንፃውን ለአንድ ባንክ አስይዟል። ሥራውን ሳያቆም ቢሸጥ ዋጋው 100 ነው ቢባል፣ ንብረቱ ተበጣጥሶ ቢሸጥ ግን 70 ያወጣል ተብሎ ይሰላ ነበር። ለጣና ዳር ሆቴል 70ውም ለጋስ ግምት ነው። አልጋው፣ የማእድ ቤት ዕቃው፣ ጄኔሬተሩና ጀልባው ለየብቻ ሲወጡ ተጫራቹ ጥቂት ነው፤ የሊዝ ቦታውም ያልተከፈለ ቀሪ ካለበት ገዢው ያንን ከዋጋው ያስቀንሳል።

በ2012ቱ እትም የኢትዮጵያ ወጪ ከንብረቱ 14.5 በመቶ፣ ጊዜው 3 ዓመት ነው። አሜሪካ 10 በመቶና 1 ዓመት፣ ጃፓን 4.2 በመቶና ከ7 ወር ጥቂት የሚያልፍ፣ ኖርዌይ 1 በመቶና 11 ወር ገደማ። ኬንያ ደግሞ 22 በመቶና 4 ዓመት ተኩል ተመዝግቦላታል፤ በዚህ ረገድ እኛ የተሻልን ነበርን። ነገር ግን በወጪው ብቻ መፍረድ ያሳስታል። የአሜሪካና የኢትዮጵያ ወጪ በ4.5 ነጥብ ብቻ ሲለያይ ገንዘብ ጠያቂው እዚያ ከአንድ ዶላር 81 ሳንቲም፣ እዚህ 27 ሳንቲም ያገኛል። ሆቴሉ እዚያ ሥራውን ሳያቆም ስለሚቀጥል ስሌቱ ከ100 ይጀምራል፤ እዚህ ተበጣጥሶ ስለሚሸጥ ከ70። ጉዳዩ በቆየ ቁጥር ደግሞ ወለድ ቀሪውን ይበላዋል።

የኢትዮጵያ ቁጥር የተሰበሰበው ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች ግምት ነው፤ ባሕር ዳር አልተለካችም። መደበኛ የኪሳራ መዝገብ ጥቂት መሆኑም ግምቱን ያሳሳዋል። ምክንያቱ አዋጅ 97/1990 ነው፦ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ይሸጣል። ይህ መንገድ ለባንኩ ርካሽ ነው። መያዣ የሌለው የዓሣና የአትክልት አቅራቢ ግን ለመካፈል የሚተርፍለት ትንሽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛው ክፍያ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ቅድሚያው ከባለመያዣው ባንክ ይቀድማል ወይስ አይቀድምም የሚለው ሲያከራክር ቆይቷል።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኪሳራ ክፍል ለስድስት አሥርተ ዓመታት አገልግሏል። የተካው አዋጅ 1243/2013 ድርጅቱ ሳይፈርስ ዕዳውን እንደገና የሚያዋቅርበትንና ለአነስተኛ ድርጅት የቀለለ ሥርዓት አምጥቷል፤ ከሪፖርቱ በኋላ ስለወጣ በ14.5ቱ ውስጥ አይታይም። የባንኩ አዲሱ መለኪያ «ቢ-ሬዲ» ደግሞ የማፍረሻንና የመልሶ ማደራጀትን ወጪ ለየብቻ ስለሚጠይቅ ከቀድሞው ቁጥር ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም።