የድሮውን ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ በኤልኢዲ ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በመጀመሪያ ቃላት እንለይ። በእኛ አፍ «ባትሪ» መብራቱም ነው፣ ውስጡ የሚገባውም ነው። እዚህ ላይ «ባትሪ» ስንል በእጅ የሚያዘውን መብራት፣ «ድንጋይ» ስንል ወፍራሙን ባለ 1.5 ቮልት ደረቅ ድንጋይ፣ «ሴል» ስንል ደግሞ ቻርጅ የሚደረገውን ሊቲየም ማለታችን ነው።

የምናድሰው ያንን ሸንተረር ያለውን የቆርቆሮ ባትሪ ነው፤ ጎኑ ላይ የሚንሸራተት ማብሪያ፣ ከኋላ ሞላ ያለበት ክዳን፣ ከፊት ሰፊ ጎድጓዳ አንጸባራቂ ያለውን። አምፖሉ ብዙውን ጊዜ 2.5 ቮልት 0.3 አምፔር ነው። ከ1 ዋት በታች ይበላል፣ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ የሚሰጠው ብርሃን ከ10 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ብዙም አያልፍም። ባለ 1 ዋት ነጭ ኤልኢዲ ወደ 100 ሉመን ይሰጣል። ስለዚህ ሥራው ያዋጣል። የሚበላሸው ግን የተገዛው ዕቃ መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪኩም ሙቀቱም የሚያልፉበት መንገድ ስለሚረሳ ነው።

«አምፖሉን ነቅሎ ኤልኢዲ መክተት ይበቃል»

ለአንድ ምሽት ይበቃል። አዲስ ሁለት ድንጋይ 3 ቮልት ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት ወዲያው ይወርዳል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ 2.4 ቮልት ላይ ታገኙታላችሁ። ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ ከ2.7 ቮልት በታች ጭል ጭል ከማለት አያልፍም፤ 350 ሚሊአምፔር እንዲወስድ 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ድንጋዩ ግማሽ ጉልበቱ ሳያልቅ መብራቱ የሚሞተው ለዚህ ነው።

ባለ ሦስት ድንጋይ ከሆነ ችግሩ ይገለበጣል። 4.5 ቮልት በቀጥታ ሲገባ ኤልኢዲው ይቃጠላል። የአምፖል ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ራሱን ይገታል፤ ኤልኢዲ ግን ሲሞቅ ይባስ ብሎ ብዙ ይስባል። ስለዚህ ትርፉን የሚገታ ሬዚስተር መሐል ይግባ፤ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 4.5 ሲቀነስ 3.0፣ ለ0.35 ሲካፈል 4.3 ኦም። ገበያ ላይ የሚገኘው 4.7 ኦም ነው፤ 0.32 አምፔር ያሳልፋል። ሬዚስተሩ ላይ ግማሽ ዋት ስለሚቀር ባለ 1 ዋት ግዙ፤ ሩብ ዋት የሆነው ትንሹ ሬዚስተር ጠቁሮ ይሸታል። ሁለት ድንጋይ ላይ መቆየት የሚፈልግ ሰው ቡስተር የሚባለውን ቮልት ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰሌዳ ያስገባ፤ ሬዚስተር እዚያ ጥቅም የለውም።

«ትልቅ ድንጋይ ከገባ ብርሃኑ ይጨምራል»

ሮቶን አስቡ። አንድ ቁመት ላይ የተቀመጠ የ500 ሊትር እና የ2000 ሊትር ሮቶ ቧንቧው ላይ የሚሰጡት ግፊት አንድ ነው፤ ልዩነቱ ውሃው የሚቆይበት ጊዜ ነው። የድንጋይም መጠን እንደዚያ ነው፦ ቮልቱ ከፍታው፣ ሚሊአምፔር ሰዓቱ ሊትሩ። ትልቅ ድንጋይ ጭነት ሲበዛበት እንደ ትንሹ ቶሎ አይወድቅም፣ ያንን ያህል ይረዳል፤ ከዚያ ያለፈ ብርሃን አይጨምርም።

ለቆርቆሮው ባትሪ የተሻለው ምርጫ በእኛ ግምት 32700 የሚባለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል ነው። ስሙ ራሱ መጠኑ ነው፦ 32 ሚሜ ውፍረት፣ 70 ሚሜ ርዝመት፤ በውፍረቱ በወፍራሙ ድንጋይ ቦታ ይገባል። ቮልቱ 3.2 ሆኖ እስከ መጨረሻው ብዙም አይወርድም፣ 6000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል፣ እንደ ሌሎቹ ሊቲየሞችም በቀላሉ በእሳት አይያያዝም።

ሁለት ድንጋይ ተደራርቦ 123 ሚሜ ነው። ሴሉ 70 ሲወስድ 53 ሚሜ ባዶ ይቀራል። ከመጥረጊያ እንጨት 52 ሚሜ ቁረጡ፣ መሐሉን ብሱ፣ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሳልፉ፣ ሁለቱን ጫፍ በናስ ብሎንና ሮንዴላ እሰሩ። እንጨቱ ከኋላ በሞላው በኩል ይቀመጣል፣ ሴሉ ከፊት። የቀረችውን ልዩነት ሞላው ይይዛታል። የሴሉን ሽፋን በደንብ አይታችሁ አስገቡ፤ ከሽፋኑ ሥር ያለው ብረት ብዙውን ጊዜ እስከ አንገቱ ድረስ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ከተቀደደ ከቆርቆሮው ጋር ሾርት ሊፈጥር ይችላል። በናስትሮ ጠቅልሉት፣ ቀፎውንም ከውስጥ በወፍራም ፕላስቲክ ወረቀት አልብሱት።

ከሴሉና ከኤልኢዲው መካከል ሬዚስተር ሳይሆን ኤኤምሲ7135 የሚባለውን ባለ ሦስት እግር ቺፕ አስገቡ። ሴሉ ሲሞላም ሲጎድልም 350 ሚሊአምፔር ብቻ ያሳልፋል፣ ለራሱ የሚያስቀረው 0.12 ቮልት ብቻ ነው። 6000 ለ350 ሲካፈል 17 ሰዓት ነው። ቺፑ የሚገባው በኤልኢዲው ኔጌቲቭ በኩል ነው፤ የኤልኢዲው ኔጌቲቭ እግር ቆርቆሮውን ከነካ ቺፑ ይታለፋል፣ መብራቱም ከልክ በላይ ደምቆ ይሞቃል። አዲስ የተሠራ ባትሪ «በጣም ጥሩ» ከበራ መጀመሪያ ይህችን ፈትሹ።

«ሁለት ድንጋይ የሚወስድ ከሆነ ሁለት ሊቲየም ይወስዳል»

አይወስድም። አንድ ተራ ሊቲየም ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ 8.4። ለ3 ቮልት የተሠራ አምፖል በአንድ ብልጭታ ይሄዳል። በተለይ 14500 የሚባለው ሴል የሬዲዮና የሰዓት ቀጭኑን ድንጋይ ቁጭ ስለሚመስል ብዙ ዕቃ አቃጥሏል።

«9900 የተጻፈበት ሴል ከ2600 ይበልጣል»

18650 የሚባለው፣ 18 ሚሜ ውፍረት 65 ሚሜ ርዝመት ያለው ሴል፣ ከታወቁት አምራቾች እንኳ ከ3500 ሚሊአምፔር ሰዓት ብዙም አያልፍም። 9900 ብሎ የሚጻፍበት ሴል ያንን ሊይዝ አይችልም፤ ሐሰተኛ ነው። የኩሽና ወይም የወርቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፦ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 30 ግራም ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፣ የሚያሟላው ልጣፉ ነው።

በወፍራሙ ድንጋይም ተመሳሳይ ጨዋታ አለ። ቻርጅ የሚደረግ ተብሎ የሚሸጥ ወፍራም ድንጋይ በእጅ ሲያዝ ከቀለለ፣ ውስጡ አንዲት ቀጭን ድንጋይ ናት፤ ሰውነቱ ባዶ ፕላስቲክ ነው።

«ከላፕቶፕ የወጣ ሴል ቻርጅ ከተቀበለ ደህና ነው»

ከተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ ጥሩ ሴል ይገኛል፣ መጥፎም ይገኛል፣ ቻርጅ መቀበሉ ግን ሁለቱን አይለይም። በቴስተር ለኩት፤ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ከሆነ አታስነሱት። ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ቆይቶ ሾርት ሊፈጥር ይችላል፣ ያም የሚመጣው ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ሰው ሲተኛ ነው። ያለፈውን በ0.5 አምፔር እስከ 4.2 ሙሉት። እየሞላ እጅ ላይ ከሞቀ ጣሉት። ከሞላ በኋላ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ 4.1 አካባቢ ከቆየ ይሠራል፣ 4.0 በታች ከወረደ ራሱን እየበላ ነው። ሴሉ ላይ በቀጥታ ስታኞ አታፍስሱ። ካውያው ውስጡን ያበስለዋል፤ ባትሪ ውስጥ በሞላ ስለሚያዝ ብየዳም አያስፈልገውም።

ለቻርጅ ቲፒ4056 የሚባለው የቻርጅ ቺፕ ያለበትን፣ የጥበቃ ቺፕም አብሮ የተሠራበትን ሰሌዳ ግዙ። ሲመጣ ባለ 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ተገጥሞለት 1 አምፔር ይሰጣል፤ ለአሮጌ ሴል በ2 ኪሎ ኦም ብትቀይሩት ወደ 580 ሚሊአምፔር ይወርዳል። ይህ ሰሌዳ እስከ 4.2 ቮልት ስለሚሞላ ከላይ ላልነው 32700 ሴል አይሆንም። እርሱ 3.65 ላይ መቆም አለበት፣ የራሱ ቻርጀር ይገዛለት።

«ኤልኢዲ አይሞቅም»

ሰው እንዲህ የሚለው ፊቱን ሲነካው ስለማያቃጥል ነው። አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይረጨዋል፤ ኤልኢዲ ግን ከሚበላው ከግማሽ በላይ የሆነውን በጀርባው ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል። ያ ሙቀት መውጫ ካላገኘ ብርሃኑ ይደክማል፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ይጠፋል። በፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ መክተት ድካም ብቻ ነው።

የቆርቆሮው ባትሪ እዚህ ላይ ይረዳል፣ ግን መንገድ ማበጀት አለባችሁ። ኤልኢዲው 20 ሚሜ በሆነች ኮከብ መሰል የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ተበይዶ ይሸጣል። ከ3 ሚሜ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ በአንጸባራቂው ጀርባ የቀፎውን ውስጥ ዙሪያ የሚነካ ክብ ቁረጡ። ጠርዙን በፋይል እየሞረዳችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ክፍተት ካለ የመዳብ ሽቦ ክር ጠቅልሉበት። በኮከቡና በክቡ መካከል የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ላይ የሚቀባውን ፓስታ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና በሁለት ትናንሽ ብሎን እሰሩ። ፓስታው ሲበዛ ሙቀት ያግዳል እንጂ አያሳልፍም። በሱፐር ግሉ አትለጥፉ፤ ጭሱ ኤልኢዲውንና አንጸባራቂውን ነጭ አቧራ ያለብሳቸዋል።

ሲያልቅ 10 ደቂቃ አብርታችሁ ጭንቅላቱን ንኩ። ከሞቀ ደስ ይበላችሁ፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው። ኮከቡ እያቃጠለ ጭንቅላቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ነው መፍራት ያለባችሁ።

«ሉመን ከበዛ ሩቅ ያበራል»

ሉመን ጠቅላላ ብርሃኑ ነው፤ ርቀት የሚወሰነው ያ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ነው፣ መለኪያውም ካንዴላ ነው። ለእጅ ባትሪ በተለመደው አለካክ 2500 ካንዴላ 100 ሜትር ያደርሳል፤ 200 ሜትር ለማድረስ 5000 አይበቃም፣ 10000 ያስፈልጋል። ርቀትን እጥፍ ማድረግ አራት እጥፍ ይጠይቃል። ዘጠኝ ትናንሽ ኤልኢዲ የተሰበሰቡበት ምትክ ጓሮ ያበራል እንጂ ከማዶ ያለ ከብት አያሳይም። አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ በሰፊው የድሮ አንጸባራቂ ውስጥ ትበልጠዋለች፣ ቦታዋ ላይ ከተቀመጠች።

ቦታዋን ለማግኘት ከግድግዳ 3 ሜትር ራቁና አብሩ። መሐሉ ጨለማ የሆነ ቀለበት ከታየ ኤልኢዲዋ ከትኩረት ነጥቡ ወጥታለች። ከኮከቡ በታች ግማሽ ሚሜ ሮንዴላ እየጨመራችሁ ወይም እየቀነሳችሁ ቀለበቱ እስኪዘጋ ሞክሩ፤ አሉሚኒየም ሮንዴላ ይሁን፣ ካርቶን ሙቀቱን ይዘጋል። አንጸባራቂውን በጨርቅ አትወልውሉት። ያ ብርማ ቅብ ስስ ስለሆነ ይላጣል፣ በአየር እፍ ማለት ይበቃዋል።

«ብርሃኑ ደክሟል፣ ኤልኢዲው ይቀየር»

ከመቀየራችሁ በፊት ማብሪያውን ለኩ። ባትሪው በርቶ ሳለ የቴስተሩን አንድ እግር ሞላው ላይ፣ ሌላውን ከማብሪያው ማዶ ያለው ቆርቆሮ ላይ አድርጉ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ የገዛችሁት ጉልበት ዝገት ላይ እየቀረ ነው። ጠፍጣፋዋን የማብሪያ ቆርቆሮና የክዳኑን ጥርስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ከሞላው ሥር እስከ ጫፉ አንድ ለስላሳ ባለ ብዙ ክር ሽቦ በስታኞ ያዙ፤ ኤሌክትሪኩ በቀጭኑ ብረት መዞሩን ትቶ በመዳቡ ያልፋል። አንዳንዴ ይህ ብቻ ባትሪውን አዲስ ያስመስለዋል።

«የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ይሞላል»

ፀሐይ ላይ የሰጣ ድንጋይ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ይህን ማንም አይክድም። ሙቀቱ የቀረችውን ኬሚካል ያፈጥናታል እንጂ አዲስ አይጨምርም። ጥርስ ውስጥ አስገብቶ መንከስም ውስጡን ስለሚያቀራርብ ለጊዜው ያነቃዋል፤ ነገር ግን የተራው ድንጋይ ገላ ዚንክ ነው፣ በሠራ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፣ ሲነከስም ይቀደዳል። ያለቀ ድንጋይ ባትሪ ውስጥ ሲረሳ የሚያፈሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ሊቲየም ሴልን ግን ለሰከንድም ቢሆን አትንከሱ፣ ፀሐይ ላይም አታስጡ፤ እሳት ነው።

«የፈሰሰውን በውሃ ማጠብ ነው»

የሚታጠበው በፈሰሰው ዓይነት ነው። ተራው የዚንክ ድንጋይ የሚያፈሰው አሲድነት አለው፣ በቤኪንግ ሶዳ ሊጥ ይጠረጋል። አልካላይን የተጻፈበት የሚያፈሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ይፈልጋል። በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ፣ በትንሽ ውሃ አጥባችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ቀን አድርቁ። ጓንት ባይኖር ፌስታል እጅ ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ዓይን ከመንካታችሁ በፊት ግን እጃችሁን ታጠቡ።