ዘ ጎድፋዘር፦ ከሲኒማ ቤት ጨለማ እስከ ሳሎን

ዘ ጎድፋዘር በ1972 ለእይታ የበቃ የአሜሪካ የወንጀል ፊልም ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ነው። መነሻው ማሪዮ ፑዞ በ1969 ያሳተመው ልቦለድ ሲሆን፣ ለፊልም የጻፉት ሁለቱ አብረው ነው። 175 ደቂቃ ይፈጃል። ከ1945 ጀምሮ ባሉት አሥር ዓመታት በኒውዮርክ የሚኖር አንድ የጣሊያን ስደተኛ ቤተሰብ ሥልጣኑን ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንዳስተላለፈ ይተርካል።

ርዕሱን ወደ አማርኛ ማምጣት አያስቸግርም። የክርስትና አባት ማለት ነው። ይህ ቃል ለእኛ ክብደት አለው። ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ከወላጆቹ ጋር አበልጅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ባዕድ አይደለም። የዚህ የወንጀል ቤተሰብ አባትና አለቃ ዶን ቪቶ ኮርሊዮኔም ኃይሉን የሚሰበስበው በዚሁ ክር ነው። ውለታ ይውላል፤ ውለታውን ደግሞ አንድ ቀን ይጠይቃል።

መክፈቻው ይህን በደንብ ያሳያል። ቦናሴራ የተባለ ቀባሪ፣ ልጁን የደበደቡ ወጣቶች በፍርድ ቤት በቀላሉ ተለቀውበት ዶኑ ዘንድ ይመጣል። እንዲገደሉለት ይጠይቃል። ገንዘብም እከፍላለሁ ይላል። ዶኑን የሚያስቀይመው ግን ሌላ ነው። ሚስቱ የቦናሴራን ልጅ ክርስትና አንስታ ሳለ፣ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ቡና ጠጣ ብሎ ቤቱ የጠራው መቼ እንደሆነ ዶኑ አያስታውስም። ይህን ቅሬታ ለማንም አበሻ ማብራራት አያስፈልግም። ፊልሙ ሀገራችን ውስጥ ይህን ያህል ወዳጅ ያገኘው በተኩሱ ሳይሆን በዚህ ይመስለኛል።

በመጨረሻው አካባቢ ደግሞ የዶኑ ታናሽ ወንድ ልጅ ማይክል የእህቱን ልጅ ክርስትና ያነሳል። ቄሱ ሰይጣንን ትክዳለህ ብለው ይጠይቁታል። እክዳለሁ ይላል። በዚያው ሰዓት ሰዎቹ ጠላቶቹን አንድ በአንድ ይገድላሉ። እኛም ዘንድ ክርስትና የሚያነሳው ሰው ስለ ሕፃኑ ሆኖ ሰይጣንን ይክዳል። ስለዚህ ትዕይንቱ አጥንት ድረስ ይሰማል። እዚያ የተጠመቀው "ወንድ ልጅ" የዳይሬክተሩ አራስ ሴት ልጅ ሶፊያ ናት።

ቀረጻው በ1971 በኒውዮርክና በሲሲሊ ተካሄደ። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት መጀመሪያ ዶኑን የተጫወተውን ማርሎን ብራንዶንም ሆነ ማይክልን የተጫወተውን፣ ያኔ ብዙም የማይታወቀውን አል ፓቺኖን አልፈለገም። ኮፖላ ሁለቱንም ይዞ ቀጠለ። አንድ የጣሊያን አሜሪካውያን ማኅበርም ተቃውሞ አሰምቶ ነበር፤ ከፕሮዲውሰሩ ጋር ተነጋግረው "ማፊያ" የሚለው ቃል ከጽሑፉ ወጣ። ፊልሙ ወንበዴን ያሞግሳል የሚሉ ዛሬም አሉ። አይመስለኝም። ማይክል መጨረሻ ላይ ብቻውን ነው፤ በሩ በሚስቱ ፊት ይዘጋል።

በኦስካር ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ተዋናይና ከመጽሐፍ የተወሰደ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ ተባለ። ብራንዶ ሆሊውድ ቀደምት አሜሪካውያንን የሚያሳይበትን መንገድ ተቃውሞ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። ሁለተኛው ክፍል በ1974 ወጥቶ ስድስት ኦስካር ወሰደ። ሦስተኛው በ1990 መጣ።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። የቤት ቅጂዎቹ ታሪክ ያለ እሱ አይገባም። የካሜራ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከአናት በላይ አደረገ። የብራንዶ ዓይኖች በአብዛኛው ጥላ ውስጥ ቀሩ። ዶኑ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም፤ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። በውጭ ሠርጉ በፀሐይ ደምቋል፣ በውስጥ የዶኑ ቢሮ ጨለማ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጨለማ የተለመደ አልነበረም።

ይህ ጥበብ ቤት ሲገባ ተጎዳ። በኅዳር 1977 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በጊዜ ቅደም ተከተል አገጣጥሞ፣ ሲኒማ ላይ ያልታዩ ትዕይንቶችም ጨምሮ፣ በአራት ምሽት አሳየ። ኮፖላ የተስማማው ለቀጣዩ ፊልሙ ገንዘብ ስላስፈለገው ነው ይባላል። ቀጥሎ ቪኤችኤስ መጣ። ፊልሙ ረጅም በመሆኑ በሁለት ካሴት ነበር የሚሸጠው። እኔም መጀመሪያ ያየሁት በዴክ ነው። ካሴቱ ከቅጂ ላይ የተቀዳ ነበር። የዶኑ ቢሮ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። እንዲያም ሆኖ ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም።

በጥቅምት 2001 ሦስቱም ክፍሎች በአምስት ዲስክ በዲቪዲ ወጡ። የኮፖላ ማብራሪያ አብሮ ስለነበር ትልቅ ነገር ነበር። ምስሉ ግን ገና ቆሻሻና ጭረት ነበረበት። ምክንያቱ የሚያሳዝን ነው። ፊልሙ በጣም በመፈለጉ፣ ለሲኒማ ቤቶች የሚበቃ ቅጂ ለማውጣት ዋናው ኔጋቲቭ (ካሜራው ራሱ የቀረጸበት ፊልም) በማሽን ውስጥ ደጋግሞ አለፈ። ተቀደደ፣ ተቧጠጠ። ተወዳጅነቱ ራሱ ጎዳው።

መፍትሔው የመጣው ፓራማውንት በ2006 የስቲቨን ስፒልበርግን ኩባንያ ድሪምወርክስን ከገዛ በኋላ ነው። ኮፖላ ለወዳጁ ስፒልበርግ ጻፈለት፤ እሱም ኩባንያውን አሳመነ። ሥራው ለፊልም አዳሹ ሮበርት ሃሪስ ተሰጠ። ሃሪስ ኔጋቲቩን በዲጂታል አንስቶ፣ የማይድነውን ክፍል ከሌላ ቅጂ እየተካ ሠራ። ቀለሙና ጨለማው ላይ ዊሊስን አማከሩት። ውጤቱ በመስከረም 2008 በዲቪዲና በብሉሬይ ወጣ። አንዳንድ ተመልካች ቢጫው በዛ፣ ምስሉም አሸዋ አሸዋ ይላል ብሎ አጉረመረመ። ቢጫው ግን የዊሊስ ምርጫ ነው፤ አሸዋውም የፊልሙ ተፈጥሮ ነው። እዚህ ላይ አልከራከርም።

በ2022፣ ሃምሳኛ ዓመቱ ሲከበር፣ ከብሉሬይ ይልቅ የጠራ ምስል የሚይዘው 4ኬ ዲስክ ተለቀቀ። ፓራማውንት እንዳስታወቀው ለሦስቱ ክፍሎች በካርቶን የተቀመጠ የፊልም ጥቅል ተፈትሿል፤ ካርቶኖቹ ከ300 በላይ ነበሩ። እድፍና ቅዳጅ ለማስተካከል ከ4,000 ሰዓት በላይ፣ ለቀለም ደግሞ ከ1,000 ሰዓት በላይ ወስዷል። በቢሮው ጨለማ ውስጥ አሁን የእንጨቱ ግድግዳ፣ የዶኑ ጥቁር ልብስ፣ በጭኑ ላይ ያለችው ድመት ሁሉም ለየብቻ ይታያሉ። ዓይኖቹ ግን አሁንም ጥላ ውስጥ ናቸው፤ ዊሊስ እንደተዋቸው።

የምታዩት በማታ ይሁን፣ የሳሎኑንም መብራት አጥፉ። መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁር ስክሪን ነው። የሙዚቃ ደራሲው ኒኖ ሮታ ዜማ በትራምፔት ብቻ ይነፋል። ቀጥሎ የቦናሴራ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ከጨለማው ይወጣል።